ሲባረር ደስ ብሎኝ ነበር

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በተቀጠርኩበት ቤት አንድ ከፍተኛ ሪፖርተር ነበር። የጀማሪ ዜና ጮክ ብሎ እያነበበ ያስቅብናል። አንዷን ልጅ ደግሞ በተለየ ያዛት። ለምሳ ስንወጣ «እሷ ትቅር፣ መጀመሪያ አማርኛ ትማር» ይላል። ስድስት ወር ችላ፣ በመጨረሻ ለሰው ኃይል ክፍል አመለከተች።

መልሱ ምን ነበር መሰላችሁ? «እህቴ፣ ጠባዩ ነው፤ ቻይው።» ሁለቱን ቡና ጋብዘው ይቅር አባባሏቸው። (እሷ ምን አጥፍታ ነው ይቅር የምትባለው?)

ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ ሰውየው ከሥራ አስኪያጁ ጋር በሌላ ጉዳይ ተጋጨ። በነጋታው የልጅቷ ማመልከቻ ከመሳቢያ ወጣ፤ «ሠራተኛ በማንጓጠጥ» ተብሎ ተባረረ። ምን ትላለህ ያለው የለም፣ ምስክርም አልተጠራ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጮቤ ረገጥኩ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሰውየው ክስ እመሠርታለሁ ሲል አለቆቹ ደነገጡ። መደንገጥም አለባቸው! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ መወሰን አለበት፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ይሰጣል። እነሱ ግን አቤቱታውን አስተኝተው፣ ሲመቻቸው ዱላ አደረጉት። ስለዚህ ገንዘብ ከፍለው፣ ያማረ የሥራ ልምድ ወረቀት ጽፈው ሸኙት። ወረቀቱን ይዞ ሌላ ቤት ገባ። እዚያም ጀማሪዎች አሉ።

ልጅቷስ? «የሰው እንጀራ የዘጋች» ተባለች። እሷ እኮ ተዉኝ ይበለኝ አለች እንጂ አባርሩት አላለችም። ዓመት ሳይሞላት ለቀቀች።

ለጉልበተኛ ጥብቅና ቆመች የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። ሳይሰሙት በመፍረዳቸው ያመለጠው እሱ ነው፣ የከፈለችው እሷ ናት። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል፤ ሰውን በየቀኑ ማሸማቀቅን ግን በስሙ አይጠራውም። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያጸደቀው 190ኛው ኮንቬንሽን ሁለቱንም ይዟል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ነገሩ በየቤቱ የውስጥ ደንብ፣ ደንብ ከሌለም በአለቃው ስሜት ያድራል።

ያኔ ያላትን ነገር ከነቀኑ የጻፍኩበት ደብተር አሁንም ቤቴ አለ። የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ይዤው አልሄድኩም።