ልጄ መሥሪያ ቤት ትለውጥ ወይስ ባለችበት ትቆይ?

ሰው ሥራ ሲያጣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ አብሮት ይጨነቃል። ሥራ ይዞ ሳለ ሌላ የተሻለ ሥራ ሲጠራው ግን ነገሩ የባለቤቱ ብቻ ይመስላል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። መሥሪያ ቤት መለወጥ የመላው ቤተሰብ ጉዳይ በመሆኑ፣ በዛሬው ዓምዳችን አንዲት እናት ከአቃቂ ቃሊቲ ያቀረቡልንን ጥያቄ መነሻ አድርገን እንወያይበታለን።

እኒህ እናት በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ረዥም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። በፋብሪካ ደመወዝ ያስተማሯት ልጃቸው ዛሬ ረዳት አብራሪ ሆና ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማና ወደ አርባ ምንጭ በባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ትበራለች። አሁን ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገር ያለ አንድ አየር መንገድ ትልቅ ጄት እንድታበር ጠርቷታል። ልጅቷ እዚህ የካፒቴንነት ተራዋ እስኪደርስ ብዙ መጠበቅ አለብኝ ትላለች። እናትየዋ በበኩላቸው ያስተማራትን መሥሪያ ቤት ትታ ብትሄድ ውለታ ቢስ መሆን አይሆንባትም ወይ ብለው ይጨነቃሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው ግን የልጅቷ የአራት ዓመት ሕፃን ነው። እስካሁን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው።

በቅድሚያ የውለታን ነገር እንመልከት። በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎች አንድ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ፀጉሩ እስኪሸብት እዚያው መሥራቱ የተለመደ ነበር። ፋብሪካው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ጎረቤትም፣ ዕድርም፣ ዕቁብም ነበር። በዚህ ዓይነት ኑሮ ያለፈች እናት መሥሪያ ቤት መልቀቅን እንደ ቤት መፍረስ ብትቆጥረው አይፈረድባትም።

ይሁንና በሥራ ዓለም ውለታ የሚከፈልበት መንገድ አለው። አሠሪ ሠራተኛውን በገንዘቡ ሲያሠለጥን ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ የሚል ውል ያስፈርማል፤ ዋስም ይጠይቃል። ያን ዘመን አገልግሎ የፈጸመ ሰው ዕዳውን ከፍሏል። ሳይፈጽም የሄደ ግን ዕዳውን በዋሶቹ ትከሻ ላይ ጥሎ መሄዱ ነው። ዋሱ ደግሞ አጎት ወይም የእናት የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውለታ ቢስ ትባላለች ወይ ከማለት ይልቅ፣ የአገልግሎት ግዴታዋ ምን ያህል ቀርቶታል፣ ዋስ የሆኑላትስ እነማን ናቸው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ ከሐሜት ሳይሆን ከወረቀት ላይ የሚነበብ መልስ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አብራሪ መሥሪያ ቤት ሲለውጥ ይዞት የሚሄደውንና ትቶት የሚሄደውን ለይቶ ማወቅ ነው።

ይዞት የሚሄደው የበረራ ሰዓቱን ነው። ይህ በመዝገብ ተጽፎ የትም የሚከተለው ሀብቱ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የአየር መንገድ አብራሪነት ከፍተኛው ፈቃድ የሚሰጠው ቢያንስ 1,500 ሰዓት ለበረረ ሰው ነው። በዓመት 700 ሰዓት የምትበር ረዳት አብራሪ ይህን ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ልትሞላው ትችላለች። ነገር ግን ሰዓት ሁሉ እኩል አይመዘንም። በረዳትነት የተቆጠረውና በካፒቴንነት የተቆጠረው፣ በባለ ፕሮፔለር የተቆጠረውና በጄት የተቆጠረው ዋጋቸው ይለያያል። በካፒቴንነት ብዙ ሰዓት የቆጠረ አብራሪ በሌላ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሲቆም የሚጠየቀውም የሚሰጠውም ሌላ ነው።

ትቶት የሚሄደው ደግሞ ተራውን ነው። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ካፒቴን የሚኮነውና ከትንሹ አውሮፕላን ወደ ትልቁ የሚታለፈው፣ ብቃትና ፈተና እንደተጠበቁ ሆነው፣ በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። አዲስ የገባ ሰው፣ ልምድ ቢኖረውም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ለዘይትና ለስኳር ወረፋ የያዘች እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከያዘችው ሰልፍ ወጥታ ወደ ሌላው ብትሄድ ያኛው ፈጥኖ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ወይም እሷ ስትደርስ በሩ ሊዘጋ ይችላል። ለቃው የሄደችው ቦታ ግን አይጠብቃትም።

ተራን ጠብቆ ማደግ እንደሚቻል የአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ይመሰክራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉም ለብዙ ዓመታት በረዳት አብራሪነት ካገለገለች በኋላ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በአየር መንገዱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በካፒቴንነት የጀመረችውም ኪው-400 በተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በአገር ውስጥ መስመር ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአብራሪዎቹ ጀምሮ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን በረራ እስከ ባንኮክ የመራችው እሷ ናት። የአገር ውስጥ መስመር የተረሱ ሰዎች የሚቀመጡበት ሥፍራ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ማለት ግን መቆየት ሁልጊዜ ብልህነት ነው ማለት አይደለም። ሰልፉ ረዥም ሊሆን ይችላል። የአብራሪ የሥራ ዘመንም ወሰን አለው፤ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ 65 ዓመት የሞላው ሰው አያበርም። ጤናውም በየጊዜው ይመረመራል፤ አንድ የልብ ወይም የዓይን ሕመም ሙያውን በአንድ ቀን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ወጣት አብራሪ ስለ ነገው ቢያስብና ስለ ደመወዝ ቢናገር ስስታም ሊባል አይገባውም።

በሌላ በኩል በውጭ ያለው ሥራ ሁሉ አስተማማኝ ነው ብሎ ማመንም ስሕተት ነው። ኪው-400 አውሮፕላንን በብዛት ያበር የነበረው ፍላይቢ የተባለው የእንግሊዝ አገር አየር መንገድ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሥራውን አቁሞ ሠራተኞቹ ተበትነዋል። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ በረራን ሲገታ በባሕረ ሰላጤው ያሉ ትላልቅ አየር መንገዶች ጭምር አብራሪዎችን አሰናብተዋል። በእነዚያ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ከቅጥር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሥራውን ያጣ ሰው ቤቱንና የልጁን ትምህርት ቤትም አብሮ ያጣል። በአቃቂ ሥራ ያጣ ሰው ግን ቢያንስ ጎረቤትና ዘመድ አለው።

ገንዘቡንም በሚገባ ማስላት ያስፈልጋል። በውጭ ገንዘብ የተጻፈ ደመወዝ ዓይን ይሞላል። ከእሱ ላይ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሞግዚት ደመወዝና የመመላለሻ ወጪ በአሠሪው ካልተሸፈነ መቀነስ አለበት። የጡረታም ነገር አለ። በአገራችን ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘትም ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚዛወር ሠራተኛ አገልግሎቱ ይቀጥልለታል። ወደ ውጭ የሚሄድ ግን ቆጠራው እዚያው ላይ ይቆምበታል። የአገልግሎት ዘመንን ማሟላት ምን እንደሚጠቅም፣ የጡረታ አበል የምትቀበል እናት ለልጇ ልታስረዳት ትችላለች።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንምጣ። በብዙ ቤት የሚደረገው፣ መጀመሪያ ውል ተፈርሞ የልጁ ነገር በኋላ ይታሰብበታል መባሉ ነው። ይህ መገልበጥ አለበት። በእነዚያ አገሮች ለልጅ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ለአያት ከማግኘት ይቀላል። እንግዲያው ልጁ ከሄደ አያቱ እዚህ ሊቀሩ ይችላሉ፤ እናቲቱም ሌሊት በረራ ስትወጣ ልጁ በማያውቃት ሞግዚት እጅ ያድራል። ልጁ እዚህ ከቀረ ደግሞ እናቱን በዕረፍት ጊዜ ብቻ ያያል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ወላጅ ይህን ዋጋ ልክፈል ሊል መብቱ ነው፤ ሳያውቀው ሊከፍለው ግን አይገባም። የልጁ አባትም በዚህ ምክር ውስጥ ድርሻ አለው፤ የሕፃን ነገር ሲነሣ እናትንና አያትን ብቻ ማስጨነቅ ከቤታችን መውጣት ያለበት ልማድ ነው።

እንግዲህ የእኛን አስተያየት በግልጽ እንናገር። ልጅቷ የአገልግሎት ግዴታዋን ካልጨረሰች አትሂድ። ግዴታዋን ጨርሳ፣ የካፒቴንነት ተራዋ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ የሚደርሳት ከሆነ ትታገሥ። ካፒቴን ሆና፣ በካፒቴንነት የተቆጠረ ሰዓት ይዛ ብትሄድ፣ ዛሬ በረዳትነት ከምትገባበት በር በተሻለው ትገባለች፤ ልጇም እስከዚያ ለትምህርት ይደርሳል። ተራዋ ሩቅ መሆኑን ከአለቆቿ ጠይቃ ካረጋገጠች፣ አዲሱ ውልም የቤት፣ የትምህርት ቤትና የመባረር ሁኔታን በግልጽ የያዘ ከሆነ፣ ትሂድ። ያን ጊዜ የሚያስቀራት ውለታም ሆነ ሐሜት ሊኖር አይገባም።

ስትሄድም በወጉ ትሂድ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራውን በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የአገልግሎት ምስክር ወረቀቷን ተቀብላ፣ የበረራ መዝገቧን አሟልታ፣ ንብረት አስረክባና ተሰናብታ የወጣች ሠራተኛ ነገ መመለስ ብትፈልግ በሩን የምታንኳኳበት ፊት ይኖራታል። የአዲሱ አሠሪ ውል በእጇ ሳይገባ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ የለባትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ለእናትየዋም አንድ ቃል አለን። እርስዎ ልጅዎን ከፈትል ማሽን አጠገብ ቆመው ለሰማይ ያደረሱ እናት ነዎት። ልጁን እኔ ይዤ እቀራለሁ ወይም አልችልም የሚለውን መልስ ከወዲሁ በግልጽ ይንገሯት። ጉልበትዎ የማይችለውን በፍቅር ብቻ አይቀበሉ፤ ሊይዙት እየቻሉም በቁጣ አይከልክሏት። ልጅቷ ትክክለኛ ውሳኔ ልትሰጥ የምትችለው የእርስዎን እውነተኛ መልስ ስታውቅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ነገር የአብራሪ ቤት ብቻ አይደለም። የፋብሪካ መካኒክም፣ ነርስም፣ የሒሳብ ሠራተኛም የተሻለ ሥራ ሲጠራቸው ጥያቄው ያው ነው፦ ከዚህ ምን ይዤ እወጣለሁ? ምን ትቼ እሄዳለሁ? ዋጋውን ከቤቴ ማን ይከፍላል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በአንድነት ተቀምጠው በወረቀት ላይ ይመልሷቸው። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ፣ መሄድም ይሁን መቆየት፣ ማንም በማንም ላይ የማያላክከው ይሆናል።