ውሃው የት ድረስ ይመጣል?

ባለፈው ክረምት ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ስላሳለፍኳቸው ስምንት የሩጫ ቀናት ላጫውታችሁ። ጓደኛዬ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነው። ኢታንግ አቅራቢያ፣ ባሮ ዳር ባለች አንዲት መንደር ሕፃናት ቁርኣንም ፊደልም የሚማሩባቸው ሁለት ክፍሎች ሊሠሩ ታስቦ ነበር። ንድፉን በነፃ ሊሠራልን በጅማና በጎሬ አድርጎ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጋምቤላ ገባ።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የለም! ጠዋት መንደሩ ሄደን እንለካለን፤ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት እርሱ ይነድፋል፣ እኔ የዕቃውን ዝርዝር እጽፋለሁ። ማታ ደግሞ ግብዣ ነው። እንግዳ መምጣቱን የሰማ ሁሉ ይጠራናል፤ አንዱ ቤት ሻይና ሳምቡሳ፣ ሌላው ቤት ቡና። ዒሻ ሰግደን የወጣን እኩለ ሌሊት እንገባለን፤ ለሱብሒ ዓይናችን አልገለጥ ይላል። በሰባተኛው ቀን ንድፉ አለቀ። ሰፋፊ መስኮት፣ ከፍ ያለ ጣሪያ... እንዴት ያምራል!

በማግሥቱ ለመንደሩ ሰዎች ልናሳይ ሄድን። አንዲት በዕድሜ የገፉ አኙዋክ እናት ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩና፣ በተማሪዬ አስተርጓሚነት «ልጆቼ፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ማንን ጠየቃችሁ?» አሉን። ተያየን። ማንንም አልጠየቅንም። እርሳቸውም አንድ ዛፍ ሥር ወስደው ጎርፍ ግንዱ ላይ የተወውን የደለል ምልክት አሳዩን። ከጓደኛዬ ጉልበት በላይ ነው! እኛ የነደፍነው ወለል ከመሬት ከፍ ያለው አንድ ስንዝር ብቻ ነበር።

የሚያሳፍረው ይህን እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ የማስተምር መሆኔ ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ናቸው። ደጋው ላይ ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ባሮ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እስከ 1956 ሲሠራ የካርቱም መርከቦች የሚመጡት ይኸው የክረምት ሙላት ሲደርስ ነበር። እውቀቱ ነበረን፤ ቆም ብለን ማሰብ ግን አልነበረንም።

ውድ አንባቢያን! እንግዳ መቀበልን አልነቅፍም፤ መልካም ባሕላችን ነው። ነገር ግን በስምንት ቀን ውስጥ ስንት ቤት ተቀምጠን ስንጫወት፣ ቤቱ ከሚሠራላቸው ሰዎች ጋር አንድ ሰዓት አልተቀመጥንም። በቁርኣን 42ኛው ምዕራፍ «አሽ-ሹራ» ወይም «ምክክር» ተብሎ መሰየሙን እያወቅን፣ ሥራችንን ያለ ምክክር ጨረስን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኛ ነን።

ጓደኛዬ የመመለሻ ቀኑን አራዘመ። የማታ ግብዣዎችን በይቅርታ መለስን። ከሽማግሌዎቹና ከእኚያ እናት ጋር ዞረን ከፍ ያለ ቦታ መረጥን፤ ወለሉም ከምልክቱ በላይ እንዲሆን ተነደፈ። ወጪው ጨምሯል፤ ገና ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው። ቢሆንም ወረቀት ላይ ያለ ስህተት በላጲስ ይጠፋል፤ ሕፃናት የተቀመጡበት ክፍል ውሃ ሲገባው ግን በምን ይጠፋል?

ወጣቶች ሆይ! ለበጎ ሥራ ስትሮጡ መጀመሪያ የቦታውን ሰው ጠይቁ። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ። ወሰላሙ ዐለይኩም።