አገሮችን እንወቅ፦ የመኸር ሽርሽር በድሬንተ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሆላንድ ጥቂት አንብበን ነበር። ንባቡ ሲያበቃ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ሰዎቹ በመኸር ወራት ለሽርሽር ይወጣሉ ነው የምትለን? እህሉን ማን ይሰበስበዋል ታዲያ?» ሲሉ ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም፤ የገበሬ ጥያቄ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ለእሳቸው መልስ ይሆን ዘንድ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከስፍራው እንጀምር። ሆላንድ ኔዘርላንድስ ትባላለች። በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ሕዝቧ ወደ 18 ሚሊዮን ይደርሳል። 12 ክፍለ አገሮች አሏት። ከእነዚህ አንዱ ድሬንተ ነው። ድሬንተ በሰሜን ምሥራቅ፣ በጀርመን ድንበር ላይ ይገኛል። ዋና ከተማው አሰን ነው። ነዋሪው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። ከአገሪቱ መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ድሬንተ ግን ከፍ ያለ አሸዋማ ምድር ነው። ጫካ፣ ረግረግና ትናንሽ መንደሮች ይበዙበታል።

የእነሱ መኸር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። በቋንቋቸው «ሄርፍስት» ይሉታል። ቃሉ የመጣው ምርት ከመልቀምና ከመሰብሰብ ነው። ስለዚህ እነሱም ወቅቱን የሰየሙት እንደ እኛው በሥራው ነው። ልዩነቱ ሰማዩ ነው። በዚያ ወር እኛ ዘንድ ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ትወጣለች። እነሱ ዘንድ ግን ቀኑ እያጠረ፣ ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። ቢሆንም ሕዝቡ ቤት አይዘጋም። በነፋስ ውስጥ ወጥቶ መሄድን ይወዳሉ። ለዚህም የተለየ ቃል አላቸው። ነፋስ ሐሳብን ያጠራል ይላሉ።

ታዲያ ወጥተው ምን ያያሉ? አንደኛው ቅጠል ነው። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ለብርዱ ይዘጋጃል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል። ተደብቆ የነበረው ቢጫ ይታያል። በአንዳንድ ዛፎች ደግሞ ቀይ ቀለም አዲስ ይፈጠራል። ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል። ዛፉ ግን አልሞተም፤ በጸደይ ያቆጠቁጣል። ከዛፉ ሥር እንጉዳይ ይበቅላል። አንዱ ዓይነት ቀይ ባርኔጣ የደፋ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን መርዝ ነው። ልጆች እንዲያዩት እንጂ እንዳይነኩት ይነገራቸዋል።

መንገዱን የሚሄዱት በእግር ወይም በብስክሌት ነው። በዚያ አገር የብስክሌቱ ቁጥር ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል። አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ! የብስክሌት መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ሰውየው ከቤቱ ሲነሣ 21፣ 34፣ 57 ብሎ በወረቀት ይጽፋል። ከዚያ ቁጥሩን እየተከተለ ይሄዳል። የቦታውን ስም ባያውቅ እንኳ ቁጥር ከለየ አይጠፋም። በየጫካው ደግሞ አጠር ያሉ፣ እንጉዳይ የሚመስሉ የመንገድ ምልክቶች አሉ። የቀጣዩ መንደር ስምና ርቀት ተጽፎባቸዋል። ከ1919 ጀምሮ መንገደኛውን ሲመሩ ኖረዋል።

ሁለተኛው የሚታይ ነገር ድንጋይ ነው። በድሬንተ «ሁነቤድ» የሚባሉ ጥንታዊ መቃብሮች አሉ። ትርጉሙ የግዙፎች አልጋ ማለት ነው። በመላ አገሪቱ 54 ናቸው፤ ከእነዚህ 52ቱ የሚገኙት በድሬንተ ነው። ትልቁ ቦርኸር በምትባል መንደር ያለው ነው። ርዝመቱ ከ22 ሜትር ይበልጣል። ድንጋዮቹን ከሰሜን፣ ከስካንዲኔቪያ ያመጣቸው በጥንት ዘመን የተንቀሳቀሰ የበረዶ ግግር ነው። ኋላ ከ5,000 ዓመት በፊት የነበሩ ገበሬዎች አንሥተው ካቧቸው። መኪና አልነበራቸውም፤ ብረትም አያውቁም ነበር። ጉልበትና ብልሃት ብቻ ነበራቸው።

በ1730ዎቹ እንጨት የሚበላ የባሕር ትል ተነሣ። ባሕሩን የሚገድቡትን የእንጨት ግንቦች ቦረቦራቸው። ስለዚህ ለግድቡ ድንጋይ ተፈለገ፤ ዋጋውም ወጣ። ሰዎች ወደ ሁነቤዶቹ ዘመቱ። በ1734 የድሬንተ አስተዳደር ከመቃብሮቹ ድንጋይ መውሰድን በሕግ ከለከለ። ያ ሕግ ባይወጣ ዛሬ የሚጎበኘው ስንቱ ይቀር ነበር?

ሦስተኛው ሜዳው ነው። «ሄይደ» የሚባል አጭር ቁጥቋጦ ሜዳውን ይሸፍናል። በእኛ ደጋ ከሚበቅለው ከአስታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ሐምራዊ አበባ ያብባል። ያን ጊዜ ንብ አናቢዎች ቀፎአቸውን ወደዚያ ይወስዳሉ። መኸሩ ሲገፋ ሜዳው ቡናማ ይሆናል። ድዊንገልደርፌልት የሚባለው ጥብቅ ስፍራ ስፋቱ ወደ 3,700 ሄክታር ይጠጋል። ቤተሰቦች እረኛውንና የበግ መንጋውን ለማየት ወደዚህና ወደመሰሉት ስፍራዎች ይሄዳሉ።

ይህ ሜዳ ግን የተፈጥሮ ሥራ ብቻ አይደለም። ጫካው ተመንጥሮ፣ በበግ ሲጋጥ የኖረ ነው። የድሬንተ አፈር አሸዋ ስለሆነ ፍግ ካላገኘ አያበቅልም። ገበሬው በቀን በጉን በሜዳው ያሰማራል፤ ማታ በረት ያስገባል። በረቱ ላይ የሜዳውን ሣርና አፈር እየቆረጠ ያነጥፋል። ፍጉ ከአፈሩ ጋር ሲቀላቀል ወደ እርሻው ይወሰዳል። በጉ ከሱፉና ከሥጋው ይልቅ ለፍጉ ይፈለግ ነበር ማለት ይቻላል። የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲመጣ የበጉ ሥራ ቀነሰ። ብዙው ሜዳ ታረሰ ወይም ዛፍ ተተከለበት። የተረፈው ዛሬም በጎች ካልጋጡት ሣርና ዛፍ ይውጠዋል። ስለዚህ እረኛው ለጎብኚ መታያ ብቻ የቆመ አይደለም። እሱ ከሄደ ሜዳውም ይሄዳል።

አራተኛውን ስናነብ ቀስ እንበል። በድሬንተ ረግረግ ውስጥ «ተርፍ» የሚባል ነገር ይቆፈር ነበር። ተርፍ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽ ነው። ተቆርጦ ሲደርቅ እንደ ኩበት ይነዳል። የከተማው ምድጃ የሚሞቀው በዚህ ነበር። ቆፋሪዎቹ ግን ከሣርና ከአፈር በተሠራ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን በአሠሪያቸው ሱቅ እንዲያወጡ ይገደዱ ነበር። በአንድ እጅ የተሰጣቸው በሌላው ይወሰድባቸዋል ማለት ነው። በ1901 የወጣው የቤቶች ሕግ እንዲህ ያለውን ጎጆ ከለከለ። ቪንሰንት ቫን ጎኽ የተባለው ታዋቂ ሠዓሊ በ1883 በመኸር ወራት ወደዚህ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ 30 ዓመቱ ነበር፤ ገንዘብም ጓደኛም አልነበረውም። ጎጆዎቹን፣ የተርፍ ጀልባዎቹን፣ ጎንበስ ብለው የሚሠሩትን ሴቶች ሣለ። ሦስት ወር ሳይሞላው ሄደ። ያረፈበት ቤት ዛሬ ይጎበኛል።

በ1818 ደግሞ ዮሐንስ ቫን ደን ቦስ የተባለ የጦር መኰንን ፍሬደሪክስኦርት የሚባል ሰፈር አቋቋመ። የከተማ ድኾች እዚያ ሰፍረው ትንሽ ቤትና መሬት ይሰጣቸው ጀመር። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲገቡ ግዴታ ነበር። ለመላ አገሪቱ ይህን የሚያዝ ሕግ የወጣው በ1900 ነው። ይህ መልካሙ ወገን ነው። በ1823 በፌንሆይዘን የተከፈተው ሰፈር ግን ሌላ ነበር። ወላጅ አልባ ልጆችና ለማኞች ይላኩበት ነበር። ብዙዎቹ ወደው አልመጡም፤ መውጣትም አይችሉም ነበር። ኋላ የመንግሥት እስር ቤት ሆነ። ዛሬ በስፍራው የእስር ቤት ሙዚየም አለ። በ2021 ዩኔስኮ እነዚህን ሰፈሮች በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ቤተሰቦች በዛፎቹ ሥር ብስክሌታቸውን እየነዱ በረዣዥሞቹ ሕንጻዎች በኩል ያልፋሉ። ቆም ብሎ ጽሑፉን ያነበበ ሰው እነማን እንደ ነበሩበት ያውቃል።

ጨለማው ሲበረታም ደስታ አለ። ኅዳር 2 ቀን ገደማ የቅዱስ ማርቲን በዓል ይውላል። በሰሜኑ አገር ልጆች ማታ ማታ ፋኖስ ይዘው በየቤቱ እየዘፈኑ ይዞራሉ። ከረሜላና ፍራፍሬ ይሰጣቸዋል። የእኛን ሆያ ሆዬ አያስታውስም? ማርቲን ካባውን ለሁለት ቀዶ ግማሹን ለለማኝ የሰጠ ሰው ነው ይባላል። ቤት ሲገቡ ደግሞ ወፍራም የአተር ሾርባ ከጥቁር ዳቦ ጋር ይጠጣሉ። ጥሩ ሾርባ ማንኪያ የሚያቆም ነው ይላሉ።

እንግዲህ አባቴ፣ መልሱ ይኸው። እህሉ አልተረሳም። በድሬንተ በዚሁ ወራት ድንችና ስኳር የሚወጣበት ሥር ይሰበሰባል። ነገር ግን ብዙ እጅ ይፈልግ የነበረውን ሥራ ዛሬ አንድ ሰው በመኪና ይሠራዋል። በእርሻ የሚተዳደረውም ሕዝብ ጥቂት ነው። ሌላው ሠራተኛ ደግሞ የሥራ ሰዓቱ በሕግ የተወሰነ ነው፤ በ1919 የወጣ ሕግ በቀን 8 ሰዓት ብሎ ደነገገ። ተማሪዎች በጥቅምት አንድ ሳምንት ዕረፍት አላቸው። ያ ዕረፍት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዛሬ የሚሽራሸሩበት ምድር የትናንት ቆፋሪዎች የደከሙበት ነው።

ጎደለ የሚሉት ካለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠይቁኝ።

እስቲ እንወያይ፦
1. በጎች ባይኖሩ የድሬንተ ሜዳ ምን ይሆናል? ለምን?
2. የ1734 ሕግ ለምን አስፈለገ?
3. በእናንተ ቀበሌ ሊጠበቅ የሚገባው ጥንታዊ ነገር ምንድን ነው? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።
4. ምርት ከገባ በኋላ ከቤተሰባችሁ ጋር አንድ ቀን ብትዝናኑ የት ትሄዳላችሁ?