ለባሕር ዳር ዓሣ ማጥመጃ ስትገዙ ዘንጉን መጨረሻ ላይ ግዙ

ትምህርት ቤት ሲዘጋና ገና ሲቃረብ ከኢስሊ ወደ ሞምባሳ የሚወርደው ሐበሻ ይበዛል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ከናይሮቢ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር መድረስ ቀላል ሆኗል። ታዲያ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ብዙ አባወራ አንድ ዓይነት ዕቃ ሲገዛ አያለሁ። በፕላስቲክ የታሸገ ነው፤ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ ዘንግ፣ ክር የተጠቀለለበት ትንሽ ሪል፣ ጥቂት መንጠቆና ተንሳፋፊ አለው። ዋጋው ርካሽ፣ መልኩ የሚያብረቀርቅ፣ ልጆችን የሚያስደስት ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ይህን እሽግ ለባሕር አትግዙ፤ ነጋዴ ከሆናችሁም ለባሕር ይሆናል ብላችሁ አትሽጡ።

እውነቱን እንነጋገር፣ አብዛኞቻችን ባሕርን አናውቀውም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች በኋላ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ከዚያ በፊትም ቢሆን የመሀል አገሩ ሰው ዓሣ የሚያውቀው ከሐይቅ ነው፤ የዝዋይ ቆሮሶ፣ የሐዋሳ አምባዛ፣ የጫሞ ነጭ ዓሣ። የሐይቅ ውኃ ጨው አልባ ነው፣ ዳርቻው ጭቃና ቄጠማ ነው፣ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ እየጎደለ አያስቸግርም። ባሕሩ ግን ጨው አለው፣ ደቃቅ አሸዋ አለው፣ ክር የሚበላ የኮራል ድንጋይ አለው። እሽጉ የተሠራው ለኩሬና ለጸጥተኛ ወንዝ ነው። ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአጠቃቀማችን ነው።

ገንዘቡን እንዴት እንደምንከፋፍለው እንይ። ለምሳሌ በእጃችሁ 10,000 ሽልንግ አለ እንበል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዘንጉን ነው፤ ረጅም ስለሆነ ዓይን ይስባል። እኔ ብሆን 4,500ውን ለሪል፣ 1,500ውን ለክር፣ 1,000ውን ለእርሳስና ለመንጠቆ አውዬ፣ በቀረው 3,000 ዘንግ እፈልጋለሁ። ገንዘባችሁ ከዚህ ቢያንስም ቢበዛም መጠኑን በዚሁ ልክ አስተካክሉት፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሩ። ርካሽ ዘንግ ቢከብድም ዓሣ ያወጣል። ርካሽ ሪል ግን ጨው ከገባበት ዓሣ ሳይያዝ ሥራ ያቆማል።

ሪል ማለት ክሩን የሚጠቀልለው ማሽን ነው። ማሽን ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ማሽን ጥርስ፣ ኩሽኔታና ፍሬን አለው። ካርቶኑ ላይ “12+1” እየተባለ በትልቁ የሚጻፈው የኩሽኔታ ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ኩሽኔታ መብዛቱ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ዝገት የማይዘው አራት ኩሽኔታ፣ ጨው ሲነካው ከሚዝገው አሥራ ሁለት ይሻላል። መኪና ያለው ሰው ይህን አያጣውም።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ አራት ነገር ሞክሩ፤ ባለሱቁ ቢቆጣም ግድ የለም። እጀታውን ቀስ ብላችሁ አዙሩና አድምጡ፤ እንደ ቡና ወፍጮ የሚንገጫገጭ ከሆነ መልሱት። እጀታውን ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ከልክ በላይ የሚላወስ ከሆነ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ፍሬኑን ግማሽ ያህል አጥብቃችሁ ክሩን በእጃችሁ ጎትቱት፤ እኩል እየለቀቀ መውጣት አለበት። እየያዘና እየለቀቀ የሚዘል ከሆነ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ክሩን ይበጥሰዋል። በመጨረሻም ክሩ የሚያልፍባትን ትንሿን ተሽከርካሪ በጣታችሁ ንኳት፤ ካልዞረች ክሩ እዚያው እየተፋተገ ያልቃል።

በመጠን በኩል 5000 ወይም 6000 የሚል ቁጥር ያለው ለዚህ ባሕር ይበቃል። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ግን ማጠንጠኛው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር ቢያንስ 200 ሜትር መያዝ አለበት። ሚቱምባ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ እዚህ ላይ ተጠቀሙበት። ያገለገለ ግን ጤነኛ የሆነ የሺማኖ፣ የዳይዋ ወይም የፔን ሪል ብታገኙ፣ ስም ከሌለው አዲስ ሪል በብዙ ይበልጣል። ዋናው ምክንያት ስሙ አይደለም፤ ሲበላሽ መለዋወጫ የሚገኝለትና ፉንዲ ሊፈታው የሚችል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በእሽጉ ውስጥ ያለውን ክር ጣሉት። ስንት ጊዜ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው እንደቆየ አይታወቅም፤ ናይለን ደግሞ በፀሐይ ይደክማል። አዲስ ተራ የናይለን ክር፣ 0.35 ወይም 0.40 ሚሊ ሜትር፣ ግዙ። የተጠለፈው ክር ቀጭንና ጠንካራ ነው እያሉ የሚሸጡላችሁ አሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን በኮራል ድንጋይ ላይ አንዴ ከተላጨ ወዲያው ይበጠሳል፣ ዋጋውም እጥፍ ድርብ ነው። ለጀማሪ ናይለን ይበልጣል። ማጠንጠኛውን ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ ሙሉት። ግማሽ ብቻ የተሞላ ከሆነ እያንዳንዱ ውርወራ ያጥራል፤ ሰውም ዘንጉን ይወቅሳል።

ከዋናው ክር ጫፍ ላይ ደግሞ ወፍራም ክር፣ 0.60 ሚሊ ሜትር ያህል፣ መቀጠል ግዴታ ነው። ርዝመቱ ከዘንጉ እጥፍ ትንሽ ይብለጥ፤ ለ3.6 ሜትር ዘንግ 8 ሜትር ማለት ነው። ለምን ብትሉ፣ 100 ግራም እርሳስ አስራችሁ በኃይል ስትወረውሩ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በክሩ ላይ ነው። አጥማጆች የሚከተሉት ስሌት ለ100 ግራም እርሳስ ቢያንስ 16 ኪሎ የሚችል ክር ይላል። 0.35 ናይለን ከዚህ ግማሽ ያህሉን ነው የሚችለው። ቀጭኑ ክር በውርወራው መሀል ከተበጠሰ እርሳሱ እንደ ጥይት ይሄዳል። ገና ሰሞን የሞምባሳ ዳርቻ ምን ያህል ልጅ እንደሚሞላው ታውቃላችሁ። የ8 ሜትር ክር ዋጋ ከአንድ ሻይ ብዙ አይበልጥም።

ዘንግ ላይ አጭር ልሁን። በኬንያ ዳርቻ በአብዛኛው ቦታ ኮራሉ ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ እንደ አጥር ተዘርግቷል። ማዕበሉ እዚያ ይሰበርና በአጥሩና በአሸዋው መካከል ያለው ውኃ ረጋ ያለ ይሆናል። ውኃው ሲሞላ ዓሣው፣ ቻንጉው፣ ታፊው፣ አንዳንዴም ኮሌኮሌው፣ ወደ ዳር ይጠጋል። ስለዚህ 4.5 ሜትር ዘንግ ይዞ መቶ ሜትር መወርወር አያስፈልግም፤ ከ3 እስከ 3.6 ሜትር ይበቃል። ከማሊንዲ በስተ ሰሜን የሳባኪ ወንዝ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ግን ክፍት አሸዋ ነው፣ ማዕበሉም ይከብዳል፤ እዚያ ረዘም ያለ ዘንግና ከበድ ያለ እርሳስ ይጠይቃል።

ዘንጉ ላይ ስንት ግራም መወርወር እንደሚችል ካልተጻፈ አትግዙት። 80–150 ግራም የሚል ለእኛ ልክ ነው። እንደ አንቴና የሚሳበው ዓይነት ለማታቱና ለባቡር ይመቻል፤ ነገር ግን አሸዋ በየመገጣጠሚያው ይገባና አንዴ ከነከሰ አይዘጋም። ባለ ሦስት ቁራጩ ሲፈታ 1.25 ሜትር ገደማ ነው፣ ይህም ለጉዞ አያስቸግርም። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ውስጣቸውን በጥጥ ጥረጉ፤ ጥጡ ከያዘ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። “ካርቦን” የሚል ጽሑፍ ቀለም ብቻ ሊሆን ስለሚችል ለእሱ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ በዚህ ዋጋ ፋይበር ግላስ አያሳፍርም፣ ሲወድቅም ቶሎ አይሰበርም።

እርሳሱን በተመለከተ፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ እየተሰነቀረ የሚቀረው ብዙ ነው። ስለዚህ የተጣለ የመኪና ካንዴላ ከጋራዥ ሰብስቡ። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ በቀጭን ክር አስሩ፤ ድንጋይ ከያዘው ቀጭኑ ክር ይበጠስና ካንዴላው ብቻ ይቀራል፣ ዓሣውና መንጠቆው ይተርፋሉ። ምንም ዋጋ የለውም። (ባሕሩን ቆሻሻ እናደርገዋለን የሚል ካለ ትክክል ነው፤ አሸዋ ላይ ስትሆኑ እርሳስ ተጠቀሙ፣ እርሳስ ግን ለባሕሩ ከካንዴላ የተሻለ አይደለም።)

ዕቃው ተሟልቶ ቦታው ካልሆነ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው። ማሊንዲና ዋታሙ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የባሕር ፓርክ አላቸው፤ ከኒያሊና ከባምቡሪ ፊት ለፊት ያለው የሞምባሳ ፓርክም አለ። በፓርክ ክልል ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ ክልክል ነው። ድንበሩ በውኃ ላይ ስለማይታይ፣ ስለ ፈቃዱም ጭምር፣ በየዳርቻው ያለውን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው ሙላቱ ነው። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ በሞምባሳ ውኃው ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የአገሩ ሰው ባምቩዋ ይለዋል። ውኃው ሲጎድል በኮራሉ ላይ ተራምዶ ራቅ ብሎ መቆም ያጓጓል፤ ሲመለስ ግን ከኋላችሁ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ይሞላዋል። ልጅ ይዛችሁ ከአሸዋው አትራቁ።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ገደማ የሚነፍሰው ኩሲ ባሕሩን ያናውጣል፤ ክራችሁም በባሕር አረም ይሞላል። ካስካዚ የሚነፍስበት የገናና የጥምቀት ሰሞን የተሻለ ነው፣ ስለዚህ የእኛ በዓል ዕድለኛ ነው።

በዓመት አንዴ ብቻ የምትወርዱ ከሆነ ግን ጨርሶ ዘንግ አትግዙ። የባሕሩ ዳር ሰው በእንጨት ወይም በላስቲክ ጠርሙስ ላይ ክር ጠቅልሎ በእጁ ያጠምዳል፤ ምሺፒ ይሉታል። 50 ሜትር ክር፣ አንድ እርሳስና ሁለት መንጠቆ ብቻ ነው። ልጆች እንደውም በዚህ ይበልጥ ይደሰታሉ፤ ዓሣው ሲነካ በጣታቸው ይሰማቸዋልና።

አሁን ለሸቀጥ ሰዎች። “ደንበኛው ርካሽ ነው የሚፈልገው” የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ልክ ነው፣ ይፈልጋል። ግን አስሉት፦ እሽጉን አንዴ ትሸጡለታላችሁ፣ በሁለተኛው ቀን ሪሉ ይነክስበታል፣ ዓሣ ማጥመድን ይተዋል፣ ተመልሶ አይመጣም። ደህና ሪል የሸጣችሁለት ሰው ግን በየጉዞው ክር፣ መንጠቆና እርሳስ ይገዛል፤ ትርፉም ያለው እዚያ ነው። ሞያሌ ለምታሻግሩ ደግሞ፣ እሽጉ ለሐይቅ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ለሐዋሳ ቆሮሶ ይሆናል፤ ለጫሞ ነጭ ዓሣ ግን አይሆንም። በኬንያ ከነጠላ ክር (ሞኖፊላመንት) የተሠራ የናይለን መረብ የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ፤ ክርና መረብ በአንድ ከረጢት አትጫኑ። ካርቶኑ ላይ በአማርኛ “ለሐይቅ ብቻ” ብሎ ለመጻፍ አንድ ማርከር ይበቃል።

ከባሕር ስትመለሱ እዚያው ሞምባሳ ሳላችሁ ዘንጉንም ሪሉንም በንጹሕ ውኃ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት፤ ፍሬኑን አላሉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ እጀታውና ተሽከርካሪዋ ላይ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ናይሮቢ ስደርስ አጥበዋለሁ ማለት፣ ጨው አንድ ሌሊት ሙሉ ኩሽኔታው ላይ ያድር ማለት ነው።