ካሜራው ወዴት ይመልከት?

ርዕሰ አንቀጽ



እንደሚታወቀው የቪዲዮ መቆጣጠሪያ ካሜራ ቀደም ሲል የባንክና የትልልቅ ሆቴሎች ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ባለሱቅ ወይም አንዲት እማወራ ጥቂት ወራት ቆጥበው የሚገዙት ነገር ሆኗል። ሜሞሪ ካርድ የሚጎርሰውና በዋይፋይ አማካይነት በስልክ የሚታየው ትንሹ ካሜራ በየሱቁ ደጃፍና በየአጥሩ ተሰቅሎ እናየዋለን። ንብረቱን ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም። ሆኖም ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የደረሱ ሁለት ነገሮች ማኅበራችን ጉዳዩን በዝምታ እንዳያልፈው አድርገውታል።

አንደኛው የባለሱቁ ወንድማችን ጉዳይ ነው። ለቅሶ ደርሶ አገር ቤት ሳለ የሱቁ ቁልፍ በሌሊት ተሰብሮ ዕቃው ተወሰደ። ካሜራ ነበረው፤ የመክፈቻውን የምስጢር ቃል የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ቢከፍተው የዚያች ሌሊት ምስል የለም። አዲሱ አሮጌውን ደምስሶታል። ታዲያ ካሜራው ምን ዋጋ አለው?

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝናል። አንድ ጎረቤት ለአጥሬ ብሎ የሰቀለው ካሜራ የጎረቤቱን ግቢ፣ ልብስ የሚታጠብበትንና ልጆች የሚጫወቱበትን ሥፍራ ሁሉ ያይ ኖሯል። ነገሩ ሲታወቅ ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች ተኳረፉ። ሽማግሌ ገብቶ ካሜራው ዞሯል፤ ቡናው ግን እስከ ዛሬ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሰውየው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ካሜራው ምን እንደሚያይ ጎረቤቱን ጠርቶ አለማሳየቱ ብቻ ነው ጥፋቱ።

የመጀመሪያው ጉዳት በእውቀት የሚታረም ነው። አንድ ካሜራ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን 21 ጊጋባይት ተኩል ያህል ቦታ ይፈጃል። ስለዚህ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ የሚይዘው የ3 ቀን ምስል ነው። ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክም በዚሁ መጠን ለሚቀርጹ 4 ካሜራዎች የሚበቃው ለ11 ቀን ገደማ ነው። ገዢው «ካሜራው ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «የስንት ቀን ይይዛል?» ብሎም ይጠይቅ። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም እንደሚጠፋ አይርሳ፤ ለካሜራውና ለመቅረጫው አነስተኛ ባትሪ ማዘጋጀት ይጠቅማል። እጅግ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየው የሌባውን ባርኔጣ እንጂ ፊቱን አይደለም።

ሰዓቱም ይታይ። መሣሪያው በቻይና ሰዓት እንደተሞላ ከቀረ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ደግሞም 20:00 ብሎ የሚጽፈው እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለውን ነው። ይህ ካልተስተካከለ ምስሉን ለፖሊስ ስናቀርብ ንጹሑን ሰው እናስጠረጥራለን።

የምስጢር ቃሉ ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የምስጢር ቃላቸው ያልተለወጠ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ተቆጣጥሮ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በአሜሪካ ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አስተጓጉሏል። ደጃችንን ለማየት ብለን የሰቀልነው ዕቃ ለማናውቀው ሰው ጓዳችንን እንዳያሳይ የፋብሪካውን ቃል በመጀመሪያው ቀን መለወጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳት ግን በመሣሪያ አይታረምም። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ያስከብራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፤ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ግን የተለየ ነው። ስለሆነም የሌባ ምስል የሚሄደው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በቴሌግራም እየበተኑ «ይህን ሰው ያያችሁ» ማለት፣ ሰውየው ሌባ ሳይሆን ቢቀርስ? የተበተነ ምስል አይሰበሰብም።

በመሆኑም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ/ ካሜራ የሚሰቅል ሁሉ ወደ ራሱ በር፣ ወደ ራሱ ሱቅና ግቢ ያዙረው። ከሰቀለ በኋላ አጎራባቹን ጠርቶ በስልኩ ላይ «ይኸው፣ የሚያየው ይህን ነው» ብሎ ያሳይ።

2ኛ/ ባለሱቆች ከደንበኛና ከሠራተኛ ሳይደብቁ ካሜራ መኖሩን በጽሑፍ ይለጥፉ።

3ኛ/ ከቤተሰብ አንድ የታመነ ሰው ምስሉን መክፈትና ማስቀመጥ ይልመድ። አደጋ ሲደርስ የዚያን ሰዓት ምስል በዚያው ዕለት ለብቻው ይገልብጥ።

4ኛ/ ለየብቻ መግዛት የሚከብዳቸው የአንድ መንደር ሰዎች ተዋጥተው በመግቢያው ላይ አንድ ካሜራ ማድረግ ይችላሉ። ይህ ግን ሁሉም ሲስማሙ፣ መቅረጫው የሚቀመጥበት ቤት ሲታወቅና ሁለት ሰዎች ባሉበት ብቻ ሲከፈት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንበል። ካሜራ ምስክር ነው፤ ያየውን ይናገራል እንጂ በሌሊት ነጠላውን አጣፍቶ አይደርስልንም። «ኧረ ሌባ!» ስንል በሩን ከፍቶ የሚወጣው ያው ጎረቤታችን ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በከንቱ አይደለም። በአምስት ደቂቃ የሚዞር ካሜራ ሳናዞር ቀርተን ይህን ጎረቤት ካስከፋነው፣ ሌባው ሳይገባ ተሰርቀናል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ዛሬውኑ ወደ ካሜራችን ቀና ብለን እንይ። ወዴት ነው የሚመለከተው?