በቡና ለቀማ መሐል የምትረሳው እርጉዝ በግ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በይርጋጨፌ ወረዳ፣ በአሪቻና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የቤተሰብ ጉልበት ሁሉ ወደ ቡናው ይዞራል። የቀላ እሸት ቀን አይሰጥም። አባወራው፣ እማወራዋና ልጆች ማልደው ለለቀማ ይወጣሉ፤ የተለቀመው በዚያው ቀን መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ ስላለበት ወደ ቤት የሚመለሱት መሽቶ ነው። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር በችካል የታሰረችው እርጉዝ በግ ጠዋት በተጣለላት ቅጠል ትውላለች። ማታ ግማሹን ሳትበላ እንደተወችው ልብ የሚል ሰው ብዙም አይኖርም። ከቀናት በኋላ ወድቃ ስትገኝ “መርዛማ ቅጠል በልታ ነው”፣ “ዓይን ገብቶባት ነው”፣ “ምጥ ከብዷት ነው” ይባላል። ትቀበራለች ወይም ለውሻ ትጣላለች፤ ጉዳዩም እዚያው ላይ ያበቃል።

በወሊድ ሰሞን የሚሞቱ እናት በጎች ብዙዎቹ ለሞት የሚዳረጉት በወሊዱ ቀን ብቻ በተፈጠረ ነገር አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ 6 ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ጊዜው ደግሞ በእኛ አካባቢ በአብዛኛው ከለቀማው ጋር ይገጥማል። በሰኔ አጋማሽ የተጠቃች በግ የምትወልደው በኅዳር አጋማሽ ነው፤ ብዙ እንክብካቤ የምትፈልግበት ጊዜም ከጥቅምት መጀመሪያ አንስቶ ያለው ነው ማለት ነው።

የበግ እርግዝና 150 ቀን ገደማ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወር ተኩል ፅንሱ የሚያድገው በጥቂቱ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ከሚኖረው ክብደት ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። በዚሁ ጊዜ ማኅፀኗ እየሰፋ ጨጓራዋን ስለሚጫነው እናቲቱ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አትችልም። የሚያስፈልጋት ምግብ ሲጨምር መያዣው ይጠባል። መንታ የያዘች ከሆነች ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ከመኖው የጎደለውን ኃይል ከራሷ ስብ እያቀለጠች ትሞላለች፤ ስቡ በብዛት ሲቀልጥ ጉበቷ መሸከም ያቅተዋል፤ ደሟም ይመረዛል። ባለሙያዎች የእርግዝና መመረዝ የሚሉት ይህንን ነው።

ምልክቱን አስቀድሞ ለማየት የሐኪም መሣሪያ አያስፈልግም። በጓ ከሌሎቹ ተለይታ ትቆማለች፤ መኖ ትተዋለች፤ ጥርሷን ታፋጫለች፤ ዓይኗ እያየ የማያይ ይመስላል፤ አንዳንዴ ግንባሯን ከግድግዳ ወይም ከግንድ ጋር ትገፋለች። ትንፋሿ ለየት ያለ ጣፋጭ ሽታ ይኖረዋል። በዚህ ደረጃ ከተደረሰባት ግሊሰሪን ወይም ሞላሰስ በአፍ መስጠትና ወዲያው ባለሙያ መጥራት ሊያተርፋት ይችላል። ወድቃ መነሳት ካቃታት በኋላ ግን የመዳን ዕድሏ በጣም ጠባብ ነው። ከዚህ ጋር የምትመሳሰል ሌላ ሕመም አለች፤ የካልሲየም እጥረት። ይህችኛዋ በፍጥነት ታንቀጠቅጥና ትጥላለች፣ ነገር ግን በባለሙያ የካልሲየም መርፌ ከተሰጣት በጓ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትነሳለች። አንድ ጠርሙስ መድኃኒት በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ መኖርና አለመኖሩ የበጓን ዕጣ የሚወስንበት ጊዜ አለ።

ወደ መኖው እንምጣ። ጌዴኦ የሚታወቀው እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን በአንድ ማሳ አስማምቶ በመያዙ ነው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ለዚሁ ነው። በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ለግጦሽ የሚተርፍ ቦታ ስለሌለ በጓ የምትበላው የሚቆረጥላትን ነው፤ በደረቁ ወራት ደግሞ ይህ በአብዛኛው እንሰት ይሆናል። እንሰት ግን ሁሉም ክፍሉ አንድ አይደለም። ቅጠሉ የተሻለ ፕሮቲን አለው፤ ግንዱና አምቾው በአብዛኛው ውሃና ስታርች ናቸው። ግንድ ተቆራርጦላት ሆዷ የሞላ እርጉዝ በግ ጠግባ ልትታይ ትችላለች፤ ለፅንሱ የሚሆነው ግን ጎድሏታል። ሆዷ ስለተነፋ ወፍራለች ብሎ መተው ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው። እጅን በወገቧ ላይ አድርጎ አከርካሪዋን መዳሰስ ይበጃል። አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከጎረበጠ ከስታለች፤ ሆዷ የሚያሳየው ሌላ ነው።

ለእርጉዝ በግ የሚጨመረው ሩቅ አገር የሚገኝ ነገር አይደለም። ከቡናው ጥላ መሐል ያለ የኮርች ቅጠል፣ በማሳ ዳርቻና በእርከን ላይ የተተከለ ደሾ ሣር፣ ዝሆኔ ሣር፣ ከእንሰቱም ከግንዱ ይልቅ ቅጠሉ። አቅም ያለው ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ ቢጨምር፣ በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃታል። በቀን 250 ግራም ብንወስድ ለ45 ቀን 11 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ወጪ ከአንድ ግልገል ዋጋ ጋር ለውድድር የሚቀርብ አይደለም። መጀመር ያለበት ግን ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ ፉርሽካ ማጉረስ ራሱ በሽታ ይሆናል። በመፈልፈያ ጣቢያዎች አካባቢ የሚከመረውን ትኩስ የቡና ገለፈት ለበግ መስጠትም አይመከርም፤ ካፌይንና ታኒን ስላለው ለእርጉዝ በግ ዋና መኖ ሊሆን አይችልም። ከጣቢያው የሚወጣውን ፍሳሽ እንዳትጠጣም ከወራጁ አርቆ ማሰር ያስፈልጋል። ውሃ ደግሞ ጠዋት ብቻ ሳይሆን ማታም ይቅረብላት።

ምጡ ሲመጣ ብዙዎቹ በራሳቸው ይወልዳሉ። በጓ አጥብቃ እያማጠች አንድ ሰዓት ካለፋትና ምንም ለውጥ ከሌለ ግን መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ቄብ ከሆነች። ግልገሉ በትክክል የሚመጣው ሁለቱን የፊት እግሮችና አፍንጫውን አስቀድሞ ነው። ከዚህ ውጭ ከመጣ ባልታጠበ እጅ እየጎተቱ መሞከር ማኅፀኗን ይቀድዳል። የእንግዴ ልጁም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ ባለሙያ ይጠራ እንጂ በእጅ ተስቦ፣ ድንጋይ ታስሮበት አይወጣም። ከወሊድ በኋላ ትኩሳት ይዟት መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካላት፣ ወይም ጡቷ አብጦ፣ ጠቁሮና ቀዝቅዞ ግልገሉን ከከለከለች፣ ነገ ገበያ ስወጣ አሳያታለሁ የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ግልገሉም እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ መጥባት አለበት፤ እናቱ ከሞተች ከሌላ በቅርብ ከወለደች በግ ታልቦ ይሰጠው።

በመኖ ብቻ የማይፈታም አለ። በአንድ ሰፈር ብዙ በጎች በአንድ ሰሞን ከጨነገፉ፣ ከዓይንና ከአፍንጫቸው ፈሳሽ ከወጣ፣ አፋቸው ከቆሰለና ከተቅማጡ ካልወጡ በባለሙያዎች ዘንድ ፒፒአር የሚባለው የበግና የፍየል ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል። ዓለም የከብት ደስታ በሽታን እ.ኤ.አ. በ2011 አጥፍቻለሁ ብሎ ካወጀ በኋላ እስከ 2030 ሊያጠፋው የተነሣው ይህንኑ በሽታ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ አንድ ጊዜ በወጉ የተከተበች በግ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ትጠበቃለች። ሌሎች የጭንገፋ መንስኤዎች፣ ለምሳሌ ብሩሴሎሲስ፣ ወደ ሰውም የሚሻገሩ ናቸው። ስለዚህ የተጨነገፈ ፅንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አይነካ። ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል በእጅ አጥልቆ ወስዶ በጥልቅ መቅበር ነው፤ ለውሻ መጣል በሽታውን ለሰፈሩ ማደል ነው። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትቅረበው። በጎች ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ይህ ምክር እጥፍ ይከብዳል።

ከገበያ ተገዝቶ የሚሰጠውን የትል መድኃኒት በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። አልቤንዳዞል በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር ከተሰጠ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። በጓ መጠቃቷን የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ስለሆነ ለባለሙያው መንገር የእርሱ ድርሻ ነው።

አሁን ለወረዳ ኃላፊዎች። ወረዳዎች የበሽታ ወረርሽኝንና ክትባትን በየወሩ ወደ ላይ ሪፖርት የሚያደርጉበት ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዲት በግ ከእንሰት ሥር ብቻዋን ስትሞት ወረርሽኝ አይደለችም። ከሪፖርቱ ዓምዶች በአንዱም አትገባም። የተከተበው ይቆጠራል፣ በምጥ ሰሞን የሞተው አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ በጀት አይጠየቅበትም። አንድና ሁለት በግ ብቻ ባለው ቤት የአንዲት እናት በግ ሞት የመንጋው ሁሉ ሞት ነው። የቡና ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና፣ ለዕዳ የሚሸጠው ግልገል ነው።

መቁጠር ከባድ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በቦንጋ፣ በመንዝ፣ በሆሮና በአፋር የተጀመረው በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ የቆመው በምዝገባ ላይ ነው። ግልገል ሲወለድ ቀኑ፣ ክብደቱ፣ እናቱ ትጻፋለች፤ የሞተው የት እንደደረሰም ይታወቃል። የእኛ ቀበሌዎች ዝርያ ማሻሻል ባይጀምሩም አንድ ደብተር መክፈት ይችላሉ። በጓ መቼ ሞተች፣ ከወሊድ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ስንት ግልገል ይዛ ነበር፣ ምን ትበላ ነበር። ከሁለት የለቀማ ወቅት በኋላ ወረዳው ግሊሰሪኑና ካልሲየሙ በየትኛው ቀበሌ መድረስ እንዳለበት በግምት ሳይሆን ከደብተሩ ላይ ያነባል። ምዝገባው በሶንጎ ላይ ቢነሣ ደግሞ ከቢሮ በሚወጣ ደብዳቤ ብቻ ከሚሆነው ይልቅ ይሰማል።

ሌላው ነገር ሥልጠናው ነው። በአብዛኛው ቤት በጓን የምታስረው፣ መኖዋን የምትቆርጥላት፣ መታመሟን ቀድማ የምታየው እማወራዋ ናት። ስብሰባ ሲጠራ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው አባወራው ነው፤ እርሱም የሰማውን ለቤቱ ካላደረሰ ሥልጠናው በዳቦና በለስላሳ መጠጥ አልቋል። እማወራዎች ባሉበት ሰዓትና ቦታ፣ በጌዴኦኛ፣ በእውነተኛ በግ ወገብ ላይ እጅን አስነክቶ ማሳየት ይሻላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም በዚህ ወቅት በቡና ጥራት ሥራ መጠመዳቸው አይቀርም። ቢያንስ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ግን ከቡናው ሥራ ነፃ ሆኖ ስልኩ የሚነሣ መሆን አለበት።

በመጨረሻም የአውራው ጉዳይ አለ። የአገራችን በጎች ዓመቱን ሙሉ ይረባሉ፤ ወቅቱን የሚመርጥላቸው ባለቤታቸው ነው። በእኛ አካባቢ በጎች ታስረው የሚኖሩ መሆናቸው ለዚህ ይመቻል። አውራውን እስከ ኅዳር አጋማሽ ለይቶ ያሰረ ሰው በጎቹ የሚወልዱለት በሚያዝያ አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ የበልጉ ዝናብ ገብቶ ሣሩ በቅሏል፣ ቡናውም ተለቅሞ አልቋል። በሰኔና በሐምሌ የተጠቁት ግን አሁን በጓሮ አሉ። ለእነርሱ የሚቆረጠው የኮርች ቅጠልና የሚቀዳው ውሃ ነገ ጠዋት ቤተሰቡ ወደ ለቀማ ከመውጣቱ በፊት የሚደርስ ሥራ ነው።