ሜሊንዳን ከመደርደሪያ አታንሷት

ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። የሎሪ ሃልስ አንደርሰን «ስፒክ» የተሰኘ ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1999) ባለታሪክ ሜሊንዳም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ግብዣ ላይ በዕድሜ የሚበልጣት ተማሪ ይደፍራታል፤ ፖሊስ ብትጠራ ጓደኞቿ «ደስታችንን አበላሸሽ» ብለው ያገሏታል። ከዚያ ዝም ትላለች። ከንፈሯን እየነከሰች ታቆስላለች፤ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ትደበቃለች። ወላጆቿን የሚያሳስባቸው ግን ውጤቷ ነው።

የሥዕል መምህሯ ዓመቱን ሙሉ ዛፍ እንድትሠራ ያዛታል። የምትሠራውን እያየ፣ እስክትናገር ይታገሣታል። መምህር እንዲህ ቢሆን!

አሜሪካ ውስጥ መጽሐፉ ከትምህርት ቤቶች እንዲነሳ የጠየቁ ወላጆች አሉ። ልጆች መደፈርን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። ግን እንደዚያ አይደለም። እንዲያውም በአማርኛ ክፍሌ ውስጥ ቢነበብ እወዳለሁ፤ ወንዶቹም አብረው ያንብቡት።